ጉርሻ የምታክል ቺዝኬክ በአይብ ትሠራለች ወይ?

ይሄን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። ጥያቄዬ አጭር ነበር። የዚህ ወር እቁባችን እኔ ቤት ነው፤ አራት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ። 24 ሰው ይመጣል። በየወሩ አምባሻ፣ ፈንዲሻና ቦምቦሊኖ ስንበላ ከርመናል። እኔ ደግሞ በአንድ ጉርሻ የምታልቅ፣ አናቷ ላይ ፍራፍሬ የተቀመጠባት ቺዝኬክ ላቅርብ ብዬ ተነሳሁ። ክሬም ቺዙ ግን አልቀመስ አለ። ሱፐርማርኬት ገብቼ ከውጭ የመጣውን ፓኬት አነሳሁት፣ ዋጋውን አየሁት፣ ቀስ ብዬ ወደ ቦታው መለስኩት። ስለዚህ በእኛው አይብ ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ዝግጅቱ አርብ ማታ ነው ብዬም ጨመርኩ። ጣጣ ያመጣችው ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት።

በስድስት ቀን 41 መልስ ተከማቸ። ብዙዎቻችሁ መሃል ላይ ገብታችሁ ጭቅጭቁን ብቻ ስላያችሁ፣ ከላይ ጀምሬ ላውጋችሁ።

መልስ 1 ጨዋ ነበር። ሐሳቤን አድንቆ፣ እጅሽ ይባረክ ብሎ፣ አዎ ይሠራል አለ። እንዴት እንደሚሠራ ግን አልነገረኝም። መልስ 2 አይሠራም አለ። እሱም ለምን እንደማይሠራ አልነገረኝም።

ቁም ነገሩ የጀመረው መልስ 3 ላይ ነው። ጸሐፊው ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። አይብና ክሬም ቺዝ በስም እንጂ በሥጋ አይዛመዱም ይላል። አይብ የሚወጣው ከአሬራ ነው። እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣ ስቡ አብሮት ይሄዳል። የቀረው አሬራ በለስላሳ እሳት ሲሞቅ አይቡ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ይለያል። ስለዚህ አይብ አብዛኛው ውሃ ነው፤ የቀረውም በብዛት ፕሮቲን። ክሬም ቺዝ ግን በአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 33 በመቶ ስብ ሊኖረው ይገባል፤ ውሃው ከ55 በመቶ መብለጥ የለበትም። አይቡን እንዳለ ኦቨን ውስጥ ከከተትሽው ፕሮቲኑ ይኮማተርና ውሃውን ይተፋል። የሚወጣው ከላይ አሸዋ አሸዋ የሚል፣ ከሥሩ ውሃ ያቆረ ነገር ነው።

መፍትሔውንም አልነፈገኝም። አይቡን በንጹህ ሻሽ ቋጥሮ ወንፊት ላይ፣ ከበድ ያለ ነገር ጭኖ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር። ጠዋት ከወፍራም ክሬም ጋር ጁስ መምቻ ውስጥ መምታት። ለ3 እጅ አይብ 1 እጅ ክሬም። በሁለት ጣት መሃል አሽቼው እህል እህል የሚል ነገር ከተሰማኝ ገና ነው ማለት ነው። ይቺን የጣት ምርመራ ወደድኳት።

መልስ 4 አቋራጭ አመጣች። አሬራ ለምን ተፈለገ? 3 ሊትር ያልተናጠ ወተት አፍልቶ ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ ሲቋጠር ማጥለል። ስቡ ውስጡ ስላለ ለስላሳ ይሆናል፤ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይገኛል። ጥሩ ሐሳብ ነው። መልስ 5 ግን ቆጣ ብላ መጣች። ገጠር እናቷ ሥር ቅል ስትንጥ ያደገች ናት። በሎሚ የተቋጠረ ወተት አይብ አይባልም፤ ከተሜ ሁሉ ነጭ ያየውን ነገር አይብ እያለ ስሙን አረከሰው ነው ነገሩ። መልስ 4 ተመልሳ፣ ስሙን እንደፈለግሽ አውጪለት፣ እኔ የማወራው ስለ ኬክ ነው የሚል ዓይነት ነገር ጻፈች። በትህትና ነው የጻፈችው፤ የከንፈሯ አጣጣል ግን ከስልኬ ላይ ይታየኛል።

መልስ 7 አንድ መስመር ናት። ጸሐፊው አርብ ጾም መሆኑን አስታወሰኝ።

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ የገና ጾም አልፏል፣ ሁዳዴ አልገባም፣ እኔም ልቤን ጥዬ ተቀምጫለሁ። ረቡዕና አርብ ግን ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ካሉት 50 ቀናት ሌላ እረፍት ብዙም የላቸውም። ከ24ቱ የእቁባችን ሰዎች ቢያንስ ግማሹ ጾመኛ ነው። አይብ፣ ክሬም፣ እንቁላልና ቅቤ ደርድሬ በር ላይ ልቀበላቸው ነበር። ከ8 እስከ 12 ያሉት መልሶች ሳቅ ናቸው። አንዱ ለዲያብሎስ ሥራ አግኝተሽለታል ብሎኛል። ሳቁ ስድብ የለውም፤ አብሬያቸው ሳቅኩ።

ከዚያ ክሩ የጾም ቺዝኬክ ሆነና አረፈ። መልስ 13 ካሹ ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ በኮኮናት ወተትና በሎሚ መምታት ነው አለች። የቀመሰ ሰው አይለየውም ብላ ማለች። መልስ 14 ክሬም ቺዝ ተወደደ ብላ ለመጣች ሴት ካሹ ግዢ ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው። መልስ 15 ደግሞ ሱፍ አለልሽ አለች። ሱፉን ቀቅሎ፣ ወቅጦ፣ ወተቱን አጥልሎ በበቆሎ ስታርች ማወፈር። እኔ ሱፍን በፍትፍት ነው የማውቀው። ግን አሳሰበኝ፤ ለሁዳዴ እሞክራታለሁ።

እዚህ ላይ አንዲት ሙስሊም እህት ገባች፤ መልስ 16። ሳይጋገር ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋው ዓይነት ከሆነ የሚያረጋውን ጄላቲን እይው አለችኝ። ከአሳማ ሊሆን ይችላል፤ ማሸጊያው ላይ ካልተጻፈ እኛ አንበላም። መልስ 17 ጄላቲን ከየትኛውም እንስሳ ይምጣ ለጾምም አይሆንም ብሎ አከለበት። ሁለቱ ተስማምተው አጋር አጋር ላይ አረፉ። ከባሕር አረም ነው የሚሠራው። በደንብ መፍላት ይፈልጋል እንጂ ለሁሉም ይሆናል። ከክሩ ሁሉ ሰላም የነበረው ይሄ ሰፈር ነው። እኔ የምጋግረው በእንቁላል ስለሚረጋ አንዱም አያስፈልገኝም፤ ዝም ብዬ አነበብኩ። እቁቡንም በቴሌግራም ወደ ቅዳሜ አዞርኩት። ሁለት ሰው ብቻ አጉረመረመ።

ሰላሙን ያደፈረሰው መልስ 18 ነው። ሰው ዳቦ ባጣበት አገር ስለ ቺዝኬክ ማውራት አያሳፍርም ወይ ብሎ መጣ። መልስ 19 አንተ ለዚህ አስተያየት ያወጣኸው የኢንተርኔት ብር ስንት ዳቦ ይገዛል አለው። መልስ 20 በሁለቱም ላይ ጮኸ። መልስ 21 ተሰርዟል፤ አንብቤዋለሁ፣ መሰረዟ አግባብ ነው። ለመልስ 18 ዝም አልኩት። እቁብ የሚጥል ሰው ብር እንዴት እንደሚቆጠር ያውቃል።

ውጥረቱን ያረገቡት አንድ አባት ናቸው፤ መልስ 22። ነገራቸው ሁሉ በቃሌ ላይ ነው። ጉርሻ የምታክል ብዬ ጽፌ የለ? ጉርሻ ትንሽ ነገር ነው ያለሽ ማን ነው አሉኝ። የእሳቸው እናት የምታጎርሰው ጉርሻ ጉንጭ ወጥሮ እንባ የሚያስመጣ ነበር። በዚያ ልክ ከሆነ ለ24 ሰው 24 ሙሉ ኬክ ጋግሪ። ከዚያ በኋላ ክሩ ውስጥ የጉርሻን መጠን ያልለካ የለም። የማነሳው ግን እኚህን አባት ብቻ ነው።

መልስ 23ን ስልኬ ላይ ቀድቼ አስቀምጫለሁ። ልጅቷ ካዛንቺስ ትኖር በነበረበት ጊዜ ለእህቷ ልደት በአይብ ቺዝኬክ ሠርታለች። አይቡን ከገበያ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ነው የገዛችው። ነጭ፣ ትኩስ፣ የሚያምር። አጠለለችው፣ መታችው፣ ጋገረችው፤ መልኩ እንከን አልነበረውም። እንጆሪውን በመደዳ ሰካችበት። እህቷ አንዱን ጎረሰች፣ አኘከች፣ ቆመች። ከዚያ ክትፎው የታለ ብላ ጠየቀች። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ ጠረኑ አይቡ ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ አይብ ላይ ጤና አዳም ወይም ኮሰረትም ጣል ይደረጋል። ከክትፎ ጋር ሲሆን ይሄ በረከት ነው። ከቫኒላና ከእንጆሪ ጋር ግን ሠርግ ቤት ገብቶ ለቅሶ እንደማውጣት ነው። ምክሯ ሳትቀምሺና ሳታሸቺ አትግዢ ነው። እኔም ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ የምትሠራ ጎረቤት ፈልጌ ገዛሁ።

መልስ 24 መምህር ቢጤ ነው። ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት 160 ገደማ ስለ እርሻ ሲጽፍ በአይብና በማር የሚጋገር ኬክ አሠራር አስፍሯል አለ። ክሬም ቺዝ የዛሬውን መልኩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1872 በኒውዮርክ ግዛት በዊልያም ሎውረንስ እጅ ነው። ፊላዴልፊያ የሚለው የንግድ ስም እ.ኤ.አ. በ1880 ወጣ፤ ከፊላዴልፊያ ከተማ ግን አልመጣም። በመጨረሻም ቺዝኬክ ኬክ አይደለም፣ የረጋ እንቁላልና ወተት ነው አለ። መልስ 25 ካቶ እቁብ ውስጥ ስንት ዕጣ አለው ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ሳይከፋው አልቀረም፤ ተመልሶ አልጻፈም። ያቺ የመጨረሻ ነጥቡ ግን ጠቅማኛለች። ረጋ እንዲል ከተፈለገ እሳቱ መለዘብ አለበት ማለት ነዋ።

መልስ 26 ስለ ከፍታ ነው። ሴትየዋ ዱባይ ሠርታ የተመለሰች ናት፤ እዚያ የማይበላሽባት ኬክ እዚህ መሃሉ እየሰመጠ አስለቅሷታል። ምክንያቱን መልስ 27 በደንብ አስረዳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ታልፋለች። አየሩ ስስ ነው፤ ውሃ እንኳ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቤኪንግ ፓውደር ያለበት ሊጥ ውስጥ አየሩ በጣም ያብጥና ሳይረጋ ይፈነዳል፣ ኬኩ ይተኛል። ቺዝኬክ ግን ቤኪንግ ፓውደር የለውም፤ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። በአንድ ቅድመ ሁኔታ። እንቁላሉ ከገባ በኋላ ሚክሰር ማስነሳት የለም፤ በማንኪያ ብቻ፣ አንድ በአንድ። አለዚያ የገባው አየር ያነፋውና ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ትንንሾቹ መሃላቸው ትንሽ ቢሰምጥ አትናደጂ፣ ፍራፍሬው የሚቀመጥበት ጎጆ ነው አለኝ። ይሄን አባባል ዕቃ ቤቴ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነው።

መልስ 28 ፍራፍሬ። ጥሬ አናናስና ጥሬ ፓፓያ ወተት ነገር ላይ አታድርጊ አለች። ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም አላቸው፤ ክሬሙን ያመራሉ፣ ጄላቲንም አያስረጉም። የፓፓያ ጁስ በወተት መትቶ ያስቆየ ሰው መራራውን ያውቀዋል። የግድ ከሆነ በትንሽ ስኳር ማብሰል፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። እንጆሪ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ የሚቆረጠውም እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ነው፤ ቀድሞ ከተቆረጠ ያለቅሳል።

መልስ 29 ላይ ትንሽ ልቁም። አንድም ሰው አልመለሰላትም፤ አንድም ጣት አልተነሳላትም። አጻጻፏም የምታፍር ሰው ነው። ከሥር የሚነጠፈው ብስኩት ተወዷል፣ ደግሞም በጣም ይጣፍጣል፤ ለምን በሶ አታደርጊበትም ብላ ጠየቀች። በሶውን በቀለጠ የገበታ ቅቤና በትንሽ ስኳር ለውሶ በማንኪያ ጀርባ መጫን ነው። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቷል፤ እሳት እንኳ ባያገኝ ይበላል። ይሄ ጭኮ ነው እኮ! በቤታችን ያለ ነገር። ብስኩት ፈጭቶ በቅቤ ማጣበቅ ከዚህ በምን ይለያል? አርባ መልስ ውስጥ ይቺን የመሰለች የለችም፤ ሰው ሁሉ ግን አለፋት። ያለፏት በዘይቱን ምክንያት ነው።

ምክንያቱም መልስ 30 አናቱ ላይ ዘይቱን ያምራል አለ። መልስ 31 ውጭ አገር ያለች ናት፤ ቺዝኬክ ላይ የወይራ ፍሬ? ብላ ደነገጠች። ዘይቱን እኛ ጋ ያ ውስጡ ሮዝ፣ ፍሬ ፍሬ ያለበት፣ ሽታው ቤት የሚሞላው ነው። እሷ ሰፈር ያሉ ዓረቦች ደግሞ የወይራውን ፍሬ ነው ዘይቱን የሚሉት። ይሄን ለማስረዳት 32 እና 33 አለቁ። ጥሩነቱ ዘይቱን ተቀቅሎ፣ በወንፊት ተጣርቶ ማርማላታ ሲሆን ግሩም እንደሆነ በዚህ አጋጣሚ ታወቀ።

መልስ 34 ለፍራፍሬ ፒያሳ አትክልት ተራ ውረጂ፣ ከአራት ኪሎ ቅርብ ነው አለኝ። እኚህ ሰው አገር ውስጥ አልከረሙም። አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ጊዜ ወደ ጃን ሜዳ ሄደ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት። መልስ 35 ይሄን በትህትና ነገረቻቸው፤ ከዚያም ራሷ ትዝታ ውስጥ ገባች። የኤንሪኮ ኬክ ቤትን ሚሊፎኒ፣ ሳያልቅ ለመድረስ በጠዋት የሚሮጠውን ሰው፣ በካርቶን ታስሮ ወደ ቤት የሚሄደውን ኬክ አነሳች። ፒያሳን እንደ ድሮው የምታውቅ ሰው ዛሬ በዚያ ስታልፍ አፏን ይዛ ነው። ከርዕስ ወጥታለች፤ ማንም አልከለከላትም።

መልስ 36 መብራት። እየጋገርኩ መሃል ላይ ቢጠፋ ምን አደርጋለሁ ብዬ ጠይቄ ነበር። በሩን አትክፈቺ፣ ምንም አትንኪ ነው መልሱ። የእሱ በ10ኛው ደቂቃ ጠፍቶበት፣ በቀረው ሙቀት ረግቶ፣ ከሠራቸው ሁሉ ለስላሳው እሱ ሆኗል። መልስ 37 ስልኩን ጽፎ ኬክ በትዕዛዝ እሠራለሁ አለ፤ አጥፍተውታል። መልስ 38 ጤና ባለሙያ ናት። የገበያ አይብ ሳይጋገር እንዲሁ ፍሪጅ ውስጥ ረግቶ ለብዙ ሰው ባይቀርብ ይመረጣል፣ አይብ የሚሞቅበት እሳት ሁልጊዜ ጀርም አይገድልም አለች። ከሁሉ አጭርና ከሁሉ ጠንካራ መልስ ናት።

መልስ 39 የራሴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። ያደረ አይብ 600 ግራም፣ ክሬም 200፣ ስኳር 130፣ 2 እንቁላል፣ የበቆሎ ስታርች አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ የሎሚ ልጣጭ ፍርፋሪ። አይቡን ከክሬሙ ጋር ጁስ መምቻው ሦስት ጊዜ አስጮህኩት። በጣቴ አሸሁ፤ እህል የለም። ሥሩ በሶ 200 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 100። 24 ቀዳዳ ያላት ትንሿ ትሪ ስላለችኝ ሁለት ዙር ገባ። እሳቱ 150 ዲግሪ፣ 14 ደቂቃ። ጫፉ ሲይዝ መሃሉ እንደ እርጎ እየተርገበገበ አወጣሁት።

ይሄ የመጀመሪያው ዙር ነው። የሁለተኛው ዙር ስምንተኛ ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ከኦቨኑ ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ትንሹ ልጄ በሩን ሊከፍት ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለት ጊዜ እጁን ያዝኩት። ከ40 ደቂቃ በኋላ ስከፍት ፊታቸው ገርጥቷል፤ ስንጥቅ ግን አንድም የለም። የመጀመሪያው ዙር ላይ ስድስት ተሰንጥቀው ነበር። ስንጥቁን በዘይቱን ማርማላታ ደፈንኩት፣ ለቀሩት እንጆሪ። ከሰዓት እስኪመሽ ፍሪጅ ውስጥ ዋሉ። ፍሪጁም ያለ መብራት ሁለት ሰዓት እንደቆየ አልደብቅም፤ እሱንም አልከፈትነውም።

በ48ቱ ላይ 24 ሰው ተረባርቦ በአንድ የቡና ዙር አለቀ፤ ገና አቦሉ ላይ። ብስኩት አይደለም፣ ምንድነው ሥሩ ብለው የጠየቁ ብዙ ናቸው። ከእቁባችን ትልቋ እናት ብቻ አንዷን ጎርሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሶ ናት አሉ። ከዚያ ጨው አንሷታል አሉ። እውነትም አንሷታል፤ ቁንጥር ጨው ጨምሩበት። በክሩ ላይ ለመልስ 29 ይሄን ጽፌ አመሰገንኳት። እስካሁን አላየችውም።

መልስ 40 ሚዛን ለሌለው በብርጭቆ ንገሪን አለች። እርጎ የሚጠጣበት ትልቁ ብርጭቆ ከሆነ አይቡ ሁለት ተኩል ገደማ፣ ክሬሙ አንድ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ነው። በሶው ደግሞ ሁለት የሻይ ብርጭቆ፣ ሞላ ብሎ።

መልስ 41 ያ የጉርሻው አባት ናቸው። ኬኩን ሳይሆን እቁቡ ለማን ወጣ ብለው ነው የጠየቁት። ለእኔ አልወጣም፣ አባባ። ካጉረመረሙት ሁለቱ ለአንዱ ሰውዬ ወጣ፤ አምስት በልቶ ሄደ።